ከደረጃው ሥር የተገኙ አራት ሰከንዶች

ልጆቼ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከመርፌና ከክር ውጭ ብዙ የማውቀው ነገር የለም። ጌም የሚባለውንማ ጭራሽ። ያየሁትን ግን ልንገራችሁ።

ሴት ልጄ እዚሁ ሱቄ ውስጥ ጠርዝ ትቀመቅማለች፣ ቁልፍ ትተክላለች። ሥራ ሲያልቅ ከኋላ ባለችው ክፍል፣ ከመተኮሻው ጠረጴዛ አጠገብ፣ አንድ ያረጀ ጌም ትከፍታለች። ሌላው ሰው አሥር ሰዓት ፈጅቶ የሚጨርሰውን እሷ በሃያ ሁለት ደቂቃ ትጨርሰዋለች። ጨርሳ ደግሞ እንደገና። መሃል ላይ ቅንጣት ከተሳሳተች ከመጀመሪያው። አራት ዓመት እንዲህ ሆነች።

አላስችል ቢለኝ አንድ ቀን ሳያላምጡ እንደሚውጡ ሰዎች ሆንሽብኝ፣ ጣዕሙ ምኑ ላይ ነው አልኳት። ሳቀችና አጠገቤ ተቀምጠህ አይተህ አታውቅም አለችኝ። እውነቷን ነው።

የምትሽቀዳደመው አይታው ከማታውቀው ሰው ጋር ነው። ሩቅ አገር ያለ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ በዚህ ጌም ስድስት ዓመት ሙሉ የቀደመው የለም። የልጄ ምኞት እሱን አንድ ጊዜ፣ በአንዲት ሰከንድም ቢሆን፣ መቅደም ነበር። ሦስት ሰከንድ ቀራት። ሦስት ሰከንድ ምን አላት ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብያለሁ። እሷ ግን ዓመት ታግላ ከሰከንዱ ይልቅ የቀነሰው የራሷ ክብደት ሆነ።

አንድ ቀን የስፌት መኪናው መርፌ አውራ ጣቷን ወጋትና በጨርቅ ጠቀለልኩላት። ዛሬስ እረፊ ብላት ወይ ፍንክች። በተጠቀለለው ጣት የመዝለያውን ቁልፍ ዘግይታ ተጫነችው። የጌሙ ሰውዬ ከደረጃው ላይ መዝለሉ ቀርቶ በደረጃው ውስጥ ሰርጎ ሁለት ፎቅ ታች ዱብ አለ። ተበላሸባት ብዬ አይዞሽ ልላት ስል አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። ያን ቀዳዳ እስከዛሬ ያገኘው ሰው የለም። አራት ሰከንድ ያሳጥራል።

ጣቷ ሲድን ቀዳዳው ጠፋት። ሆን ብላ እንደገና እንዳትወጋው ፈርቼ መርፌዎቹን ደብቄያለሁ፤ አትሳቁ። ሁለት ወር ሙሉ ያንኑ ደረጃ ብቻ ስትዘል ከረመች።

አንድ እሑድ ጠዋት አጠገቤ ቁጭ በል አለችኝ። ተቀመጥኩ። ግድግዳው ሳይደርስ ትዞራለች፤ በሩ ገና ሳይከፈት ገብታለች። ጌሙን የሠሩት እንኳ ያላሰቡትን መንገድ እንደ ጓዳዋ ታውቀዋለች። አርባ ዓመት መቀስ የያዝኩ ሰው ነኝ፤ የሠለጠነ እጅ ሳይ አይጠፋኝም። እንዲህ ያለ እጅ ግን በሕይወቴ አላየሁም። ደረጃው ጋ ደረሰች። ሰውዬው ሰረገ፤ ዱብ አለ።

ሰዓቱ ሲቆም ሹፌሩን በአንድ ሰከንድ ቀድማዋለች። ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች።

የጨዋታዋን ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ እንዳወጣችው መጀመሪያ የጻፈላት ራሱ ሹፌሩ ነው። እንኳን ደስ አለሽ ብሎ፣ ደረጃው ላይ ያደረግሽውን ሃያ ጊዜ አይቼ አልገባኝም፣ ታሳይኛለሽ ወይ ብሏታል። ወዲያውኑ የጣቷን አያያዝ በስልኳ መቅረጽ ጀመረች።

«ኧረ ልጄ፣ ካሳየሽው ነገ ይቀድምሻል እኮ» አልኳት።

«ይቀድመኛል፣ አባዬ። በግድግዳ ማለፍን በቪዲዮዎቹ ያስተማረኝ እሱ አይደል?»

«የአራት ዓመት ልፋትሽስ?»

«እኔማ ደረስኩበት። ሰዓቱ ከዚህም በታች መውረድ ይችል እንደሆነ ደግሞ ማየት እፈልጋለሁ።»

በሁለት ሳምንቱ ሹፌሩ በሁለት ሰከንድ ቀደማት። የምትሰፋውን ሱሪ ጥላ እየሮጠች መጥታ ጎትታ ወሰደችኝ። «ና እይ፣ ደረጃው ላይ እንዴት እንዳማረበት።» አየሁ። መልኩን የማላውቀው ሰው፣ እግሬ በማይረግጠው አገር፣ የልጄን ስህተት እንደ ሐር ክር አለስልሶ ሲደግመው አየሁ።

«እስቲ ደረጃውን መልሰሽ አሳዪኝ» አልኳት።