አልነሳም ያለችው ሴት

ልጇ ነህምያ ወሬውን ይዞ ሲመጣ፣ ናዜ የስንዴውን ሊጥ በመዳፏ እየጠፈጠፈች፣ ሥጋ እየሸጎጠችበት ኩባ ታድበለብል ነበር። ነህምያ እንደ ልማዱ የድስቱን ክዳን ከፍቶ አላየም። ጥቁር ባርኔጣውን እንኳ ሳያወልቅ የወንበር ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለ።

«እማዬ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔ ልንገርሽ ብዬ ነው የመጣሁት። ዘንድሮ በጾሙ ቀን የአያቴ ታሪክ አይነገርም።»

ናዜ እጇ ላይ የነበረውን ኩባ ጨብጣ አፈረጠችው።

«ማነው የሚከለክለው?»

«እኔ። የምኩራቡ ረቢ እኔ አይደለሁ?»

አባቷ፣ ሐካም ማለትም ሊቅ እየተባሉ የሚጠሩት ሙርዳኽ፣ የሞቱት በዚያው ዓመት ነበር። ከትውልድ ከተማቸው ከዛኾ ወደ ኢየሩሳሌም ከመጡበት ጊዜ አንስቶ፣ የመቅደሱ ጥፋት በሚታሰብበት ጾም፣ ከሰዓት በኋላ የሰው ሁሉ ሆድ ባዶ ሲሆንና አንገት ሲደፋ፣ ምኩራቡ ወለል ላይ ተቀምጠው የኻቡርን ሴት ታሪክ በአራማይክ ይተርኩ ነበር። የአሦር ወታደሮች የእስራኤልን ምርኮኞች ሲነዱ የአንዲት ሴት ልጅ ጀርባዋ ላይ እንዳለ ይሞትባታል። ኻቡር ወንዝ ዳር ታወርደዋለች፤ ፊቷን ነጭታ ታለቅሳለች። ከዚያ ትነሳና «ጌታዬ፣ ፍርድህ ቅን ነው» ብላ ከምርኮኞቹ ጋር መንገዷን ትቀጥላለች። እዚህ ላይ ሲደርሱ ወንዱም ሴቱም ይንሰቀሰቃል። ናዜም ከሴቶቹ መጋረጃ ኋላ ሆና ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ለዚያች ሴት አልቅሳለች። ነህምያ ራሱ ገና ጥርሱ ሳይነቀል በአያቱ ጉልበት ላይ ተቀምጦ በቃሉ ይወጣው ነበር። እሷም ባሏ ከሞተ ወዲህ የሚያጽናናት ይኼው ነበር፤ አባቷ ሲያልፉ ልጇ ይተካል ማለት።

«በየትኛውም መጽሐፍ ውስጥ የለም እኮ» አለ ነህምያ። «ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። አስተማሪዎቼም ሰምተውት አያውቁም።»

«አስተማሪዎችህ ኻቡርን የት ያውቁታል? ከፖላንድ የመጡ ሰዎች ናቸው።»

«ነገሩ የወንዝ አይደለም እማዬ። ሕዝብ ፊት ቆሜ መሠረት የሌለው ነገር አላወራም። የታተመ ሙሾ አለ፤ እሱን እናነባለን።»

«መሠረት የለውም? መሠረቱ አያትህ ናቸው። ሙሴ በሲና ሁለት ኦሪት ተቀበለ፣ አንዱን በጽሑፍ፣ አንዱን በቃል እያልክ የምትሰብከኝ አንተው አይደለህ እንዴ? በቃል የሚወርደው ነገር የኛን አፍ ሲነካ ነው የሚረክሰው?»

«እሱ ሌላ ነው። እሱ ከሊቅ ወደ ሊቅ የተላለፈ ነው። ደግሞ እሱም በኋላ ተጽፏል።»

«እንግዲያው የሚጽፈው ባያገኝ ኖሮ ውሸት ሆኖ ይቀር ነበራ።»

ነህምያ መሬት መሬቱን አየ። «ወጣቶቹ ቋንቋውን አይሰሙትም። እርስ በርሳቸው እየተያዩ ይስቃሉ። ያፍራሉ።»

«እነሱ ናቸው የሚያፍሩት ወይስ አንተ?»

ነህምያ ተነስቶ በሩ መቃን ላይ የተቸነከረችውን፣ የኦሪት ቃል ያለባትን ትንሽ መያዣ ነካ፣ ጣቱን ሳመና ወጣ። ናዜ ምድጃውን አጠፋችው። የቀረውን ሊጥ በጨርቅ ሸፍና ማቀዝቀዣ ውስጥ ወረወረችው፤ ለማን ታበስላለች?

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍራ ካስቴል ሰፈር ወዳሉት አክስቷ ሄደች። አክስቷ ኻቱን የአባቷ ታላቅ እህት ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ጆሯቸውና ምላሳቸው ግን እንደ ድሮው ነው። ደጃፋቸው ደረጃ ላይ ተቀምጠው የወይን ቅጠል በእጃቸው እየዳበሱ፣ ሩዝ ለመጠቅለል የሚሆነውን ከማይሆነው ይለያሉ። ናዜ ገና ሳትቀመጥ ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዘረገፈችው።

«እና ምን ላድርግልሽ?» አሉ ኻቱን።

«ይምጡልኝና ይገሥጹት። እርስዎን እምቢ አይልም። የአባቴ ቃል በገዛ ልጄ እጅ ሲቀበር ዝም ብዬ ልይ?»

«የአባትሽ ቃል።» ኻቱን አንዱን ቅጠል ወደ ጎን ጣሉት። «የትኛው? ያ የተከረከመው?»

«ምኑ ነው የተከረከመው?»

«የኔ እናት ሴትዮዋን መቼ አስነስታት ታውቃለች?»

ናዜ ግራ ገብቷት አየቻቸው። ኻቱን ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ እጃቸው ሥራውን ሳያቋርጥ፣ በአራማይክ ይነግሯት ጀመር። ሴትዮዋ ልጇን ወንዝ ዳር አወረደችው። ወታደሩ ተነሽ አላት፤ አልተነሳችም። የምርኮኞቹ ሽማግሌዎች መጥተው «ልጄ፣ ፍርዱ ቅን ነው በይና ተነሽ፤ እኛንም ያስጨርሱናል» አሏት። እሷ ግን ቀና ብላ ወደ ሰማይ እንዲህ አለች፦ «ቅን ነው አልልም። ልጅ የለህ፣ እግር የለህ፣ ይኼን መንገድ አልሄድክበት። እዚያ ሆነህ እያየህ አልነሳም። ና ውረድ።» ያኔ እግዚአብሔር ወረደ። አጠገቧ አፈር ላይ ተቀመጠ። አንድም ቃል አልተናገረም። ወታደሩም ምን እንዳየ ሳይታወቅ አለንጋውን ጣለ።

«በጾም ቀን መሬት የምንቀመጠውም ለዚህ ነው» አሉ ኻቱን። «አዝነን አይደለም። እሱ ስለተቀመጠ ነው። እናቴ እንዲህ ነበር የምትለው።»

«አባቴስ? ይኼን አያውቅም ነበር?»

«እንዴት አያውቅ። አንድ ጡት ጠብተን፣ አንድ አፍ ሰምተን ነው ያደግነው። እዚህ መጥተን ድንኳን ውስጥ በነበርንበት ዓመት በጾሙ ቀን ተረከው። አንድ ጢማም፣ ኮቱ የረዘመ ረቢ ሊጎበኘን መጥቶ ኖሮ አስተርጉሞ ሰማ። ከዚያ በሰው ፊት ‹ይኼ የመሃይም ሴቶች ወሬ ነው፤ ስድብ ነው፤ ልጆቻችሁን በዚህ ታሳድጋላችሁ?› አለው። ሙርዳኽ እንደዚያ ሲቀላ አይቼው አላውቅም። በዓመቱ ሲተርከው ሴትዮዋ ተነሳች። ‹ፍርድህ ቅን ነው› አለች። እኔም ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሰማሁ።»

«ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? ወንድሜ ነው። ምኩራቡ ደግሞ የወንዶች ነው።»

ናዜ መጀመሪያ በዚያ ረቢ ላይ ተናደደች፤ ግን ማን እንደሆነ አታውቀው፣ የት ታገኘዋለች? ቀጥሎ በአባቷ ላይ ተናደደች፤ ይኼኛው የባሰ ነበር፤ ሙታንን ምን ብለው ይጣሏቸዋል? ይኼን ሁሉ ዘመን እንባዋን ያፈሰሰችው ለሌላ ሴት ነበር። በባሏ ሬሳ አጠገብም «ፍርድህ ቅን ነው» ያለችው፣ ያቺ የኻቡር ሴት ከቻለች እኔስ ምን ሆኜ ብላ ነበር። አሁን ያቺም አልቻለችም ኖሯል።

«አባቴ አፈረ» አለች። «አፍሮ አታለለን።»

«ልጅሽም አፈረ። ሐፍረትም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል እኮ፤ እሱንስ ማን ጻፈው?» ኻቱን ቅጠሎቹን ሰብስበው ጭናቸው ላይ ደረደሩ። «አንቺ ደግሞ የኔን እናት ቃል ከሲና የወረደ አታድርጊው። አማቷ ‹እግዚአብሔር ተቀመጠ ያልሽው ከየት አምጥተሽ ነው? እኛ ስንሰማ መልአክ ነው የመጣው› እያሉ ሲቆጧት እኔ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ እውነቱ የቱ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። እናቴ ሦስት ልጅ ቀብራለች። መልአክ አልበቃት ብሎ ይሆናል።»

ናዜ ምንም ሳትቀምስ ተመለሰች። አክስቷ ለመምጣት አቅም እንደሌላቸው ነግረዋታል፤ እሷም ከዚያ ወዲያ አልለመነቻቸውም።

ጾሙ ደረሰ። ምኩራቡ አንድ ፎቅ ሥር ያለ፣ ድሮ መጋዘን የነበረ ቤት ነው። ወንበሮቹ ተገልብጠው ሰው ወለል ላይ ተቀምጧል፤ ሙቀቱ ያፍናል። ነህምያ የታተመውን ሙሾ በዕብራይስጥ አነበበ። ጥሩ ድምፅ አለው፤ ናዜ ይኼን አትክድም። ግን ቃሉ ከባድ ነበር፤ ወጣቶቹ ገጽ ይቆጥራሉ፣ ሽማግሌዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ያንቀላፋሉ። ነህምያ መጽሐፉን ሲያጥፍ ከአባቷ ጓደኞች አንዱ፣ አሮጌው ዳርዊሽ፣ ነቃ አለ።

«የሙርዳኽስ ታሪክ?»

«ጨርሰናል አባቴ» አለ ነህምያ።

«ምኑን ጨረስን? ገና መች ጀመርን?»

ያኔ ናዜ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ጀመረች። ልታደርገው አስባበት አልነበረም፤ አፏ ቀደማት። «የአሦር ወታደሮች ሲነዷቸው» አለች በአራማይክ፤ ሴቶቹ ዞረው አዩዋት፤ ከወንዶቹ ወገን ጉርምርምታ ተነሳ፤ ዳርዊሽ ግን «ተዉአት፣ የሙርዳኽ ልጅ ናት» አለ። ስለዚህ ቀጠለች። ልጁ ሞተ። ሴትዮዋ ወንዝ ዳር አወረደችው። ሽማግሌዎቹ ፍርዱ ቅን ነው በይ አሏት። መጋረጃው ወዲያ ማዶ አንድ ሁለት ሰው እንደ ልማዱ ለማልቀስ አፍንጫውን ሲስብ ይሰማል።

«ቅን ነው አልልም አለች» አለች ናዜ። «ና ውረድ አለችው።»



«ምን አልሽ አንቺ?» ዳርዊሽ ነበር፤ አሁን ድምፁ ሌላ ነው። «ሙርዳኽ እንደዚያ አላለም። ተነሳች ነው ያለው። የአባትሽን አፍ ታበላሺያለሽ?»

ናዜ ያልጠበቀችው ይኼ ነበር። ልጇን እንጂ ዳርዊሽን ልትጋፈጥ አልመጣችም። ሌሎቹም ሽማግሌዎች ተነሡባት፤ አንዱ «በጾም ቀን ስድብ» አለ፣ አንዱ «ሴት ሲፈቀድላት እንዲህ ነው» አለ። 

«አባቴ ነው ያበላሸው» አለች ጮክ ብላ። «ድንኳን ውስጥ ሰድበውት አሳፈሩት፤ እሱም እሷን አስነሳት። የዛኾ ሴቶች አንድም ቀን አላስነሷትም። እናንተም ከእናቶቻችሁ አፍ ሰምታችኋል። ዳርዊሽ፣ እናትህ እኮ የቤታችን ጎረቤት ነበሩ። እናትህ ምን ይሉ ነበር?»

 የዳርዊሽ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ከመጋረጃው ቀዳዳ ታያለች፤ ድምፅ ግን የለም። ከዚያ ነህምያ ተናገረ።

«ትጨርስ» አለ። «እማዬ፣ ጨርሺ።»

ጨረሰች። እግዚአብሔር ወረደ፣ አፈር ላይ ተቀመጠ፣ አንድም ቃል አልተናገረም። ያለቀሰ ሰው አልነበረም። ዳርዊሽ የማታውን ጸሎት ሳይጠብቅ ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ፤ ለብዙ ወራትም መንገድ ላይ ሲያያት ፊቱን ያዞር ነበር።

ጾሙ ሲፈታ ነህምያ እሷ ቤት መጥቶ የምስር ሾርባ በላ። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ዓይኑ በርቶ ነበር።

«እማዬ፣ ታውቂያለሽ? ሊቃውንቱ እስራኤል በተሰደዱበት ሁሉ የእግዚአብሔር ክብር አብሯቸው ተሰደደ ይላሉ። ተጽፏል። እግዚአብሔር ተቀመጠ ያልሽው ከዚያ ጋር ይገጥማል። መሠረት አለው።»

ናዜ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «አሁን ነው መሠረት ያገኘው? አባትህ ሲሞት እኔ ፍርድህ ቅን ነው ብዬ ዋጥ አድርጌ የተነሳሁት፣ አንተ መጽሐፍ እስክታገኝ ድረስ ነው?»

«እንደሱ ማለቴ አይደለም።»

«እንደሱ ማለትህ ነው። ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል።»

በላ። የቀረውን ሳምንት ግን አላናገረችውም።

በዓመቱ ታሪኩን ነህምያ ራሱ ተረከው። ወጣቶቹ እንዲሰሙት በዕብራይስጥ አደረገው፤ የሴትዮዋን ቃል ብቻ በአራማይክ ተወው። ሊቃውንቱን እየጠቀሰ፣ እዚህ እገሌ እንዲህ ይላል፣ እዚያ እገሌ እንዲህ ይላል እያለ ወንዙ ዳር ደረሰ። ሽማግሌዎቹ መጥተው ለመኗት። «ያቺም ሴት» አለ ነህምያ፣ «እጇን ዘርግታ ወደ ሰማይ ጸለየች።»

«አልጸለየችም» አለች ናዜ ከመጋረጃው ኋላ። «አልነሳም ነው ያለችው።»

 ወጣቶቹ ወደ መጋረጃው ዞሩ። ነህምያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ የሊቃውንቱን ቃል በሚጠቅስበት በዚያው ድምፅ፣ «እናቴ ደግሞ ‹አልነሳም ነው ያለችው› ትላለች» ብሎ ቀጠለ።

ናዜ አጠገቧ ያለችውን ሴት ክንድ ያዘች። «‹እናቴ ትላለች› ይለኛል እንዴ?» አለቻት በሹክሹክታ። «እኔ የምለው ነገር ነው እንዴ? ያለችው እሷ ናት።»