በአይብ ቢላ የተተረተረው መጽሐፍ

የአያቴን ስም ለማዳን ብዬ መጽሐፍ በአይብ ቢላ ተረተርኩ! አዎ፣ በአይብ ቢላ! ቆይ፣ ተረጋጊ ማይሊስ። አሁን የዩኒቨርሲቲው ሽንት ቤት ውስጥ በሩን ቆልፌ ነው የምጽፍላችሁ። አዳራሽ ሙሉ ሰው እየጠበቀኝ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ።

አያቴ ኦጉስታን ሌስኩር ይባላል፣ እኔ ፓፒ ነው የምለው። እዚህ ፈረንሳይ፣ ፖቲዬ ከተማ አርባ ዓመት ሥነ ጽሑፍ አስተምሯል፣ ጋዜጣ ላይ ደግሞ ሂስ ይጽፋል። ደራሲዎቹ እንዴት እንደሚፈሩት! ለተማሪዎቹ ሁሌ የሚላት ነገር አለች፦ "መጨረሻውን ገጽ ሳታነብ አፍህን አትክፈት።" ዛሬ ጡረታ መውጫው ስለሆነ ኬኩ ላይ ሁሉ አጽፈዋታል።

ታዲያ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ማዳም ሶላንዥ ፐርዲዬ! ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት አንድ ልብ ወለድ ጻፉ፣ ፓፒ ጋዜጣ ላይ "መጨረሻው ምዕራፍ እንደ በሰበሰ ጣሪያ ይደረመሳል" አለባቸው፣ በቃ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፉም። የፓፒ ስም የገነነው ደግሞ በዚያች ጽሑፍ ነው።

ማዳም ማይኩን ያዙና "ፕሮፌሰር፣ ያን ምዕራፍ ከራስዎ ቅጂ ላይ ላንብብልዎት? ጣሪያው የቱ ጋ እንደተደረመሰ ያሳዩኛል" አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ፓፒ አልሳቀም። "ቅጂዬ ድሮ ጠፍቷል፣ ማዳም።"

እኔ ጅሏ ምን ብል ጥሩ ነው? "አልጠፋም ፓፒ! ቢሮህ አለ! ትናንት ካርቶን ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ!"

እንዲህ ሆኖ አይቶኝ አያውቅም። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ሩጪ አምጪልን፣ የኔ ቆንጆ" አሉ ማዳም።

ሮጥኩ። አወጣሁት፣ ገለጥኩት፣ ገጽ ሠላሳ ሁለት ላይ አልገለጥ አለኝ! ያተመው ማተሚያ ቤት መጽሐፎቹን ወረቀቱ እንደታጠፈ ነው የሚሸጠው፣ አንባቢው ራሱ ጠርዙን በቢላ እየተረተረ ያነባል። ፓፒ ሠላሳ ሁለት ገጽ ተርትሮ አቁሟል። ከሁለት መቶ ገጽ! መጨረሻውን ምዕራፍ ዓይኑ አላየውም!

ኮሪደሩ ላይ የግብዣው አይብ ተደርድሯል። ቢላውን አነሳሁ። ትርትር፣ ትርትር፣ ትርትር! "ማይሊስ! የት ቀረሽ?" ይላሉ ከአዳራሹ። "መጣሁ!" ትርትር! መጨረሻው ገጽ ላይ ሁለት መስመር ዓይኔ ገባ፣ ማሪያምን፣ እንዴት እንደሚያምር!

ሮጬ ገብቼ ለማዳም ሰጠኋቸው። ሲከፍቱት የወረቀት ብናኝ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። ቀሚሴን አዩት፣ እሱም ነጭ በነጭ ሆኗል። ገጹን አሸተቱት።

"ፕሮፌሰር፣ ይሄ አይብ የሠላሳ ስምንት ዓመት አይመስልም።"

አንድ ሰው ሳቀና መሃል ላይ አቆመ። ማዳም ማይኩን እንደያዙ ወደኔ ዞሩ።

"ንገሪኝ ልጄ፣ ማነው የተረተረው? እሱ ነው አንቺ?"

ፓፒ ጫማውን ያያል። እኔ "ሽንት ቤት!" ብዬ ፈረጠጥኩ።

ውይ፣ በሩ ተንኳኳ። ፓፒ ነው።

"ፓፒ፣ ለምን አላነበብከውም?"

"ሂሱን በማግስቱ ለጋዜጣው ማስረከብ ነበረብኝ። ከዚያ ሁሉም አጨበጨበ..."

"ሂድና ራስህ ንገራቸዋ!"

"እግሬ እምቢ አለኝ፣ ማይሊስ። አንቺ የፈለግሽውን በይ። አልቀየምሽም።"

አልቀየምሽም! ይሄማ ይብሳል! እኔ ነኝ ብል አርባ ዓመቱ ከኬኩ ጋር አብሮ ይበላል። እሱ ነው ብል ደግሞ ማዳም "ምዕራፌ የእውነት በስብሶ ነበር" እንዳሉ ይሞታሉ፣ እኔ ግን ሁለቱን መስመር አይቻቸዋለሁ!

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ቶሎ በሉኝ፣ እንደገና እያንኳኳ ነው!