ከግድቡ በታች ያሉ ቤቶች ብዛት

ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ለዛ ያለው ጨዋታ የፈለገ ሌላ ቦታ ይሂድ።

መንበረ እባላለሁ። ሥራዬ የግለሰቦችን ትናንሽ የአፈር ግድቦች እየዞርኩ ማየትና የስጋት ደረጃ መስጠት ነው፤ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ። ግንቦት ላይ ከሸቤ ወጣ ብሎ ያለውን የአቶ ሣህሉን ግድብ ዝቅተኛ ብዬ ፈረምኩ። ለቡና ማጠቢያቸው ውሃ የሚያጠራቅሙበት ነው። ሥሩ አፈሩን ይይዝልኛል ብለው ጀርባው ላይ ባህር ዛፍ ተክለውበት ኖሯል። ዛፉ ሲደርስ ቆርጠው ለአጣና ሸጡትና ጉቶው ቀረ። የበሰበሰ ሥር ለውሃ መንገድ እንደሚከፍት ነገርኳቸው። «እሺ የኔ ልጅ» አሉኝ። እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባላል፤ የእሳቸው እሺ ግን ከአንድም ያንሳል። ዛሬም ጉቶው እንዳለ ነው።

ታዲያ ለምን ዝቅተኛ አልሽ ትሉኝ ይሆናል። ፎርሙ ላይ «ከግድቡ በታች ያሉ ቤቶች ብዛት» የሚል መስመር አለ። ቢፈርስ የሚሞት ሰው ከሌለ፣ የፈለገውን ያህል ጉቶ ቢኖርበት ስጋቱ ዝቅተኛ ነው። ወደ ታች አየሁ፤ ሣርና ጅረት ብቻ። ዜሮ ብዬ ጻፍኩ።

ኅዳር ሲገባ የግድቡ ዘበኛ ኦቦ ኩመራ ደወሉልኝ።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ቢሻኑ፣ ውሃው ደፈረሰ» አሉኝ። «በግርጌው በኩል ድሮም ይንጠባጠብ ነበር፤ ግን ጥርት ያለ ውሃ ነበር። ዛሬ ጭቃ ይዞ ነው የሚወጣው።»

ጥርት ያለ ውሃ ብዙም አያስፈራም። ከደፈረሰ ግን አፈሩ ከውስጥ እየተበላ ነው ማለት ነው። ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ ስላልቻልኩ ሞተር ተኮናትሬ ከጅማ ሄድኩ። ግድቡ ላይ ቆሜ ወደ ታች አየሁ። ግንቦት ላይ ባዶ የነበረው ሜዳ ላይ ሃያ የሚሆኑ የላስቲክ ጎጆዎች ተሠርተዋል። ቡና ለቃሚዎች ናቸው። በየዓመቱ እሸቱ ሲደርስ መጥተው ለቀማው እስኪያልቅ እዚያ ያድራሉ። ግድቡም የክረምቱን ውሃ ይዞ እስከ አፉ የሚሞላው በዚያው ሰሞን ነው።

አቶ ሣህሉን ቢሯቸው አገኘኋቸው። ቢሮውም ማጠቢያውም ጉብታው ላይ ስለሆነ ግድቡ ቢፈርስ እሳቸውን ውሃ አይነካቸውም።

«ዛሬውኑ የግድቡን ማፍሰሻ ቫልቭ ያስከፍቱና ውሃው ይቀንስ» አልኳቸው። «ሰዎቹም ከዚያ ይነሱ።»

«ኢንጂነር፣ እሸት እየገባ ነው እኮ! ያለ ውሃ ካደረ ቡናው አበቃለት። ደግሞስ ይኼ ምንድን ነው?» ብለው ወደ ግድግዳው ጠቆሙኝ። ወረቀቴን ላሚኔት አስደርገው ከንግድ ፈቃዳቸው ጎን ሰቅለውታል። «ዝቅተኛ ይላል። ፊርማው ያንቺ አይደለም?»

ፊርማው የእኔ ነው። አለቃዬ ጋ ደወልኩ።

«ደረጃ የሚከለሰው በአምስት ዓመት አንዴ ነው» አለኝ። «ሪፖርት ጽፈሽ አስገቢና እናየዋለን።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። እናየዋለን! ግድቡ የእሱን ማኅተም እየጠበቀ የሚፈርስ ይመስል!

በቀጥታ ወደ ጎጆዎቹ ወረድኩ። አደ ከውሰር የሚባሉ ከአሰንዳቦ የመጡ ጠና ያሉ ሴት ድስት ጥደው ያማስላሉ። ለቃሚዎቹ የእሳቸውን ቃል እንደሚሰሙ ኦቦ ኩመራ ነግረውኝ ነበር። ግድቡ አደገኛ ስለሆነ አሁኑኑ ተነሱ አልኳቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ባለቤቱ ወረቀቱን አንብበውልናል እኮ» አሉኝ። «የመንግሥት ኢንጂነር መጥታ፣ አይታ፣ ፈርማለች አሉን። አልሐምዱሊላህ፣ ያለ ሐሳብ ነው የምንተኛው።»

ደሜ ፈላ። በአቶ ሣህሉ ተናደድኩ፣ በአለቃዬ ተናደድኩ፣ ከሁሉም በላይ ግን በራሴ። እነዚህን ሰዎች እዚያ ያስተኛቸው የእኔ ፊርማ ነው።

«የፈረምኩት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። ከየጎጆው ሰው ብቅ ብቅ አለ። «ተሳስቻለሁ። ወረቀቱን አትመኑት።»

አደ ከውሰር ማማሰያውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ።

«አንቺ ዛሬ እዚህ ታድሪያለሽ?»

«አላድርም።»

ድስቱን አወረዱና «ካኣ! ካኣ!» እያሉ ሁሉንም አስነሱ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሰዉ ልጁንና ዕቃውን ይዞ ጉብታው ላይ ወጣ፤ አቶ ሣህሉ ደጃፍ ላይም ሰፈረ። ውሃው ካልጎደለ ነገ አንድ ፍሬ እንደማይለቅሙ አደ ከውሰር ፊት ለፊት ነገሯቸው። እኔን «የኔ ልጅ» እያሉ ሲያታልሉኝ የኖሩት ሰውዬ፣ እሸቱ ዛፍ ላይ ሊደርቅ መሆኑ ሲገባቸው ኦቦ ኩመራን ጠርተው ቫልቩን አስከፈቱ። ለሰው ነፍስ ያልተከፈተው ለቡና ተከፈተ!

የቀረውን ዕቃ ለማውጣት ከአደ ከውሰር ጋር ተመልሼ ወረድኩ። ላስቲካቸውን እያጠፉ ሳያዩኝ ተናገሩ።

«ግንቦት ላይ ስትመጪ እኛ የለንም፤ እሺ። ጉልቻችን ግን ከዓመት ዓመት ከቦታው አይነሳም። እሱንስ አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ» አልኳቸው።

አይቼዋለሁ። ሣሩ ውስጥ ሃያ ቦታ፣ ሦስት ሦስት ድንጋይ፣ ጥላሸቱ እንዳለ። ፎርሙን የሞላሁትም አንዱ ላይ ተቀምጬ ነው።