አገር በሙሉ ወደ ቀኝ የተሻገረበት ዓመት

ያ ዓመት ገና ሲጀምር መንግሥት በራዲዮ ብቅ አለና፣ "እስከ ዛሬ መኪና የምንነዳው በግራ ነበር፤ ከእንግዲህ በቀኝ ነው፤ መለማመጃ ስድስት ወር ሰጥተናችኋል" አለ። ወይ ጉድ! ስድስት ወር ሙሉ ሰው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ግድግዳው ሁሉ ቀስት ተሳለበት። ሽማግሌዎቹ በእግራቸው ሲሄዱ እንኳ "ቀኝህን ያዝ!" እየተባባሉ ይገፋፉ ነበር። አንዷማ ባሏን ካልጋው ግራ ወደ ቀኝ አዛወረችው ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት፣ እሷና አልጋው ያውቃሉ።

ይህን ሁሉ ወሬ ከማንም በላይ የወደደችው የአንድ አውቶብስ ሹፌር ሚስት ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ትውላለች። ወሬ የሚያመጣላት ባሏ ነው። ማታ ገና ጫማውን ሳያወልቅ "እሺ፣ ምን ተባለ?" ትለዋለች፤ እሱም አንድ በአንድ ያራግፍላታል።

ወሬኞቹ ያሉት ከሱቋ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው፤ ድንች ሻጯ፣ ፀጉር አስተካካዩና ጫማ ሰፊው። እሷ ግን ሞታ አትሻገርም። አራት ዓመት ሆናት። ድንች ሻጯ በሰው ፊት "አንቺ የሰፋሽላት ሙሽራ ትራስ መሰለች" ብላት ተኮራርፈዋል።

ቀኑ ደረሰ። እሁድ ጠዋት ፊሽካ ተነፋ፣ መኪና ሁሉ ባለበት ቆመ። ሁለተኛው ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ተሻገረ። አንድ ዶሮ እንኳ አልተነካችም፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ሰኞ ዕለት ግን የኛ ሹፌር ሌላውን መንገድ ሁሉ ደህና ነድቶ፣ ከሚስቱ ሱቅ አጠገብ ያለው ዳቦ ቤት ጋ ሲደርስ አውቶብሱን በግራ አስገባና ዱቄት ከጫነ መኪና ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ቆመ።

ሰው አልተጎዳም። ግን አለቆቹ መሪውን ቀሙት። "ዓመቱ ሳያልቅ ሦስት ጊዜ ትፈተናለህ፤ ሦስቴ ከወደቅህ አውቶብስ አጣቢ ነህ" አሉት። ሃያ ሁለት ዓመት የነዳ ሰው!

የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀ። የት? ዳቦ ቤቱ ጋ። ሁለተኛው ላይ ሚስቱ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ ከኋላ ወንበር ተሳፈረች። ባሏ እንደ ውሃ ነው የሚነዳው። ዳቦ ቤቱ ሲደርሱ ግን ከግራ በኩል ድንች ሻጯ "ባለመሪው! ሰማህ የዛሬውን?" ብላ ጮኸች። አውቶብሱ ወደ ግራ፤ ፈታኙ ወደ ፍሬኑ።

"የለመደች ጦጣ!" አለች ሚስት በሆዷ። ገባት። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ጥግ ሲቆም፣ በሩ ሲከፈት ወሬው ከተሳፋሪው ቀድሞ ይገባ ነበር። ሲመለስ የሚመጣው በሌላ መንገድ ስለሆነ የሚያገኛቸው እዚያ ብቻ ነው። ያንን ሁሉ የሚለቅመው ደግሞ ለማን ሆነና? ለሷ።

"አንተዬ፣ ዓይንህን ጨፍነህ እለፋቸው" አለችው ማታ።

"ዓይኔን ጨፍኜ አውቶብስ ልንዳ?"

"ጆሮህን ማለቴ ነው።"

"ጆሮ በምን ይጨፈናል?" አለና ትክዝ አለ። "ጨርቁንና ባልዲውን አሳይተውኛል እኮ። የኔን አውቶብስ ሌላ ሰው ሲነዳት፣ እኔ ጎማዋን ላጥብ?"

ይኼ አንጀቷን በላው። በማግስቱ መቀሷን አስቀመጠችና መንገዱን ተሻገረች። ጫማ ሰፊው መርፌውን ይዞ ቀረ። ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ጢም ግማሹን ላጭቶ ወጣ።

"እትዬ፣ እንደምን ዋልሽ" አለች።

"እሰይ! አፍ አለሽ ለካ" አለች ድንች ሻጯ። "እኔ እኮ መርፌ ውጠሽ ነው ብዬ ነበር።"

"ለልመና ነው የመጣሁት። ሐሙስ ባሌ ለመጨረሻ ጊዜ ይፈተናል። እናንተ እዚህ ከሆናችሁ እዚህ ይመጣል። ለአንድ ጠዋት በኔ በኩል፣ በቀኝ ተቀመጡልኝ።"

"ድንቼን ተሸክሜ?"

"እኔ እሸከምልሻለሁ።"

ድንች ሻጯ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "እሺ። መጀመሪያ ቀሚሱ ጠማማ ነበር በይ።"

ሚስት ድምጿን ዝቅ አደረገች። "…ጠማማ ነበር።"

"ምን? ጋሼ ፀጉር አስተካካይ አልሰሙም።"

"ሰምቻለሁ" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"ዝም በል አንተ! አልሰማም አልኩ እኮ።"

"ጠማማ ነበር! ሙሽራዋም ትራስ መስላ ነበር! በቃሽ?" ስትል መንገዱ ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳታስበው ሳቀች።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ማዳበሪያ ድንች ተሸክማ አሻገረች፤ ወገቧ ለሳምንት አልተቃናም። ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን አወጣ፤ መስታወቱን ደንበኛው ራሱ ታቀፈው። ጫማ ሰፊው ሳጥኑን ይዞ መጣ። አውቶብሱ ብቅ አለ። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ አፍንጫውን ወደ ግራ ዘንበል አደረገ።

"ባለመሪው! በዚህ ነው ወሬው!" አለች ድንች ሻጯ ከቀኝ።

አውቶብሱ ቀጥ አለና የቀኙን ጠርዝ እንደ ክር ተከትሎ ፌርማታው ላይ ቆመ። ፈታኙ እርሳሱን አንስቶ፣ "ጋሼ፣ አልፈዋል። ሰላምታውን ግን ያሳጥሩ" አለው። ሚስት እልል አለች፤ አረፋ ፊቱ ላይ የነበረው ደንበኛም መስታወቱን ታቅፎ ጨፈረ።

ድንች ሻጯ ግን አልተመለሰችም። ጥላው ለቀኝ ወገን ነው፣ ከአውቶብስ የሚወርደው ሰውም በቀኝ በር ነው የሚወርደው፤ "ምን ልሠራ እሻገራለሁ?" አለች። ወንዶቹም ሥራ በፈቱ ቁጥር እሷ ጋ መጥተው መገተር ነው። እንዲህ ሆነና የአገሩ ወሬ ሁሉ በልብስ ሰፊዋ ደጃፍ መቀቀል ጀመረ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ማታ ሹፌሩ ገባና ጫማውን ሳያወልቅ፣ "ጉድ ልንገርሽ! የዳቦ ጋጋሪው ልጅ…" ብሎ ጀመረ።

"ታጨች። ሰማሁ።"

"ለማን እንደሆነ ግን…"

"ለዱቄት መኪናው ሹፌር፤ ያኔ ካንተ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ለቆመው። እናቷ እምቢ ብላ ነበር፣ ትናንት እሺ አለች። ቀሚሱን የምሰፋው እኔ ነኝ፤ እትዬ ልክ ትይዝልኛለች።"

ሹፌሩ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። "ታዲያ ለኔ ምን ቀረኝ?"

"መንዳቱ ነዋ፣ አንተዬ" አለችና ጫማውን አወለቀችለት።