መስኮት የሄደች

በዚያ ስፌት ቤት አንዲት ሠራተኛ መርፌዋን እንደያዘች በሐሳብ ጭልጥ ካለች «መስኮት ሄደች» ትባላለች። እንግዳ ሰው ቢሰማ ግራ ይገባዋል፤ ቤቱ ዙሪያውን ግድግዳ ነው፣ መስኮት የሚባል ነገር የለውም። በቃሉ ሲሳሳቁ የሚውሉት ልጃገረዶችም ከየት እንደመጣ አያውቁም። የምታውቀው አንዲት እናት ብቻ ናት፤ እሷም ትንፍሽ ብላ አታውቅ፣ ምን ብላ ትናገረው?

ከሃያ ዓመት በፊት መስኮት ነበረ። ከሥሩ ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ ትሰፋለች፤ እጇ እዚህ፣ ልቧ መንገዱ ላይ። የወንድ ቁልፍ በቀኝ፣ የሴት በግራ መሆኑን ጠፍቷት አይደለም። ግን አንድ ቀን ልቧ ሸፍቶ አርባ የወንድ ሸሚዝ በግራ ሰፍታ ቁጭ አለች። የያኔው ካቦ አላባረራትም፤ በማግሥቱ ግንበኛ ጠርቶ መስኮቱን አስደፈነው። አቤት ያን ቀን ያለቀሰችው! መስኮቱ ሲደፈን ቃሉ በሠራተኛው አፍ ቀረ።

ዛሬ ደግሞ ልጇን አምጥታ ከጎኗ አስቀምጣለች። የአንድ ቀን ሙከራ ነው፤ ካለፈች ትቀጠራለች፣ ካበላሸች በዚያው ትሸኛለች። «ቤት ተጎልተሽ ከምትውዪ» ብላ ነው ያመጣቻት፤ ልጅትም ዝም ብላ ተከተለቻት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ከምሳ በኋላ ዞር ብትል ልጅት ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላለች፤ አጠገቧ የተቆለለው የወንድ ሸሚዝ ሁሉ ቁልፉ በግራ። እናት ክው አለች። የአሁኑ ካቦ የየሠራተኛዋን ክምር እያገላበጠ ወደ እነሱ እየመጣ ነው። የልጇን ክምር ወደ ራሷ ሳበች፣ የራሷን ገፋ አደረገችላት።

«እጅሽ ንጹሕ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ግቢ» አላት ካቦው ልጅቷን። ከዚያ የእናትየውን አነሣ። «አንቺ ደግሞ በዚህ ዕድሜሽም መስኮት ትሄጃለሽ? ይህን ሁሉ ፈትተሽ ሳትጨርሺ አትወጪም።» ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ለእሷ ግን ስድቡ እንደ ምርቃት ነበር የጣማት። ካቦው ሲርቅ አብረው መፍታት ጀመሩ፤ የቃሉንም ነገር ከነመስኮቱ ለልጇ በለሆሳስ አጫወተቻት። «በእኔ ወጥተሻል። አይዞሽ፣ ይለመዳል።»

ልጅት ከክሩ ቀና አላለችም። «እኔ የትም አልሄድኩም፣ እማዬ። እያየሁ ነው በግራ የሰፋሁት። እንዲያባርሩኝ ነበር። አንቺን እምቢ ማለት አቃተኝ።»

እናት ክሩን ጥላ ቀና አለች። ካቦውን በዓይኗ ፈለገችው። በሩ አጠገብ ቆሞ የልጅቷን ስም መዝገብ ላይ እየጻፈ ነበር።