የተረፈው ሽቦ

ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» ይለዋል። በምሕንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ እንኳ አላለፈም፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ይህን ማዕረግ ያገኘው የቢሮው ማተሚያ ወረቀት ነክሶ አልለቅ ያለ ቀን በጥፍሩ ጎትቶ ስላወጣ ነው። እሱ ራሱ ሲያወራው፣ «ግማሹን ነው ያወጣሁት፤ ግማሹ እስካሁን እዚያው አለ» ይላል። ግን ስም አንዴ ከወጣ ወጣ። እሱም ቀስ በቀስ አመነበት፤ ጉዱ የጀመረውም ያኔ ነው።

አምኖበት ምን አደረገ? ደህና የሚሠራውን ቴሌቪዥን አንስቶ ለጎረቤቱ ለልብስ ሰፊው ሰጠ። «ኮምፒውተሩ ውስጥ የቴሌቪዥን ካርድ አስገባለሁ፤ ስንፈልግ እናያለን፣ ስንፈልግ እንቀዳለን» ብሎ።

ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ስትቀበል ኖራለች። ባለፈው ሳምንት የቴሌቪዥን ሰዎች ሆስፒታል ድረስ መጥተው ቃለ መጠይቅ አደረጉላት። የሚተላለፈው ቅዳሜ አሥር ሰዓት ነው፤ ያውም አንዴ ብቻ። በዚያ ሰዓት ደግሞ እሷ ተረኛ ናት።

«ራሴን በቴሌቪዥን አይቼ አላውቅም። ቅዳልኝ እሺ? አደራ» አለችው ቅዳሜ ጠዋት ስትወጣ።

«ተይው ለእኔ!» አላት። ይህን ቃል በተናገረ ቁጥር ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር እንደሚሰበር አብረዋቸው የሚኖሩት አማቱ ያውቃሉ።

ከምሳ በኋላ ሲፒዩውን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ በካቻቢቴ ፈታታው። አማቱ ሶፋው ላይ ሹራብ እየሠሩ ከመነጽራቸው በላይ ያዩታል።

«ይሄ ሁሉ ጥራጊ ከውስጡ ነው የወጣው?»

«አቧራ ነው እማማ።»

«ጎሽ! ሌላው ባይሆን እንኳ ጸዳ።»

ካርዱን ማዘርቦርዱ ላይ ካለው ቀዳዳ ሊያስገባው ገፋው፤ እምቢ። ደገመው፤ እምቢ። ፋብሪካውን ረገመ፣ ሻጩን ረገመ። ለካ ካርዱን ገልብጦ ነው የያዘው! አይ ኢንጂነር! አዙሮ ሲጫነው ቀጭ ብሎ ገባ። ሁሉን ገጣጥሞ ሲጨርስ ሁለት ብሎንና፣ በሁለቱም ጫፉ ትንንሽ መሰኪያ ያለው አጭር ሽቦ ተረፈ።

«እነዚህስ?» አሉ አማቱ።

«መጠባበቂያ ናቸው። ፋብሪካ ሁልጊዜ ትርፍ ይጨምራል።» ብሎኖቹን ኪሱ ከተተ። የመመሪያው ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ እንደታጠፈ ነው። መመሪያ የሚያነብ የማያውቅ ሰው ነዋ!

ከካርዱ ጋር የመጣውን ሲዲ ጭኖ ጣቢያ ሲፈልግ ዘጠኝ ተኩል አለፈ። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ብቻ ይርመሰመሳል። የካርዱን ትንሽ አንቴና ይዞ ክፍሉን ዞረ፤ የመስኮቱ ብረት ላይ ሲያስጠጋት ምስሉ ጥርት አለ፣ ሲለቃት ጠፋ። ማሰሪያ ፈለገ። ዓይኑ የአማቱ ክር ላይ ሲያርፍ፣ «ሹራቤንስ እንዳታስበው!» አሉት። የተረፈው ሽቦ ትዝ አለው። አንቴናዋን ከብረቱ ጋር በሽቦው ሁለት ዙር ጠምዝዞ አሰራት። ምስሉ እንደ መስታወት ሆነ።

«አላልኩም? መጠባበቂያ ለዚህ ነው!» ብሎ በካልሲው ጨፈረ።

አሥር ሰዓት ሲሆን መቅጃውን ተጫነ። ጠያቂው ቀረበ፤ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። «ገና እየሞቀ ነው» አለ ኢንጂነሩ። ስፒከሩን ከፍ አደረገ፣ በጥፊ መታው። ሚስቱ በነጭ ጋውን ብቅ አለች፤ ታምራለች። ድምፅ ግን ወፍ የለም።

«ልጄ ምን እያለች ነው? ሮጠህ ልብስ ሰፊው ቤት አትሰማም?»

«እኔ የሰጠሁትን ቴሌቪዥን ልለምን?» አለና ኩራቱን ታቅፎ ቁጭ አለ። ስክሪኑ ላይ ሚስቱ አንድ ነገር ተናግራ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ መመሪያውን አነበበ። ሦስተኛው ገጽ ላይ የሽቦዋ ሥዕል አለ፤ ድምፁን ከካርዱ የምታስተላልፈው እሷ ናት፣ ካልተሰካች ድምፅ የለም። ቀና ብሎ መስኮቱን አየ።

ሚስቱ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ቀዳህልኝ?» ብላ ገባች። ከፈተላት። ራሷን አይታ ፈገግ አለች፤ ቆየት ብላ «ድምፁስ?» አለች።

«ድምፅሽን መስኮት ላይ አስሬዋለሁ» አለና ሽቦዋን አሳያት።

ሳቅ ጠብቆ ነበር። ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ። «አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንኩህ» አለች። ምድር ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

እናቷ ግን፣ «በይ እንግዲህ አንቺው ንገሪን» አሉ። እሷም እንባዋን ጠርጋ፣ ምስሏን እየተከተለች ያለችውን ሁሉ ነገረቻቸው። አፏን ሸፍና የሳቀችበት ላይ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ጫማዋን መፍታት ጀመረች።

«እዚህ ጋስ ምን አልሽ?» አላት።

«ረሳሁት» ብላ ተነሳች።

በማግስቱ እሷ ሥራ ገባች፤ እሱን ልብስ ሰፊው ከሱቁ ደጃፍ ጠራው። «ያ ቴሌቪዥንህ ድምፁ ሲያምር!»

«እባክህ አትንገረኝ።»

«ሚስትህን ሰማኋት። ሰውየው ‹ይሄን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻልሽው?› አላት። ‹ቤት የሚጠብቀኝ ሰው አለ› አለች። ‹የነካውን ሁሉ ያበላሻል። ግን በራሱ እየቀለደ እስኪያስቀኝ ድረስ እንቅልፍ አይወስደውም። እናት በእጃችን ላይ የሞተችብን ቀን እንኳ ቤቴ ስገባ እተርፋለሁ› ብላ ሳቀች።»

ኢንጂነሩ ሳይሰናበተው ወደ ቤቱ ገባ። አማቱ ሳይጠየቁ ክር ሰጡት፤ አንቴናዋን በክሩ አሰረና ሽቦዋን ቦታዋ ሰካት። ቤቱ በድምፅ ተሞላ። በሕይወቱ የነካው ነገር በትክክል ሲሠራ የመጀመሪያው ነው። ይህን እስኪነግራት ቸኮለ።

ማታ ስትገባ ቦርሳዋን እንደያዘች በሩ ሥር ቆመች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ምን ዓይነት ቀን እንዳሳለፈች መጠየቅ አላስፈለገውም።

«ዛሬስ ምን አበላሸህ?» አለች በደከመ ድምፅ።

ምንም፣ ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ ተወውና እጁን ኪሱ ከቶ ሁለቱን ብሎኖች አወጣ።

«እነዚህ ተርፈዋል።»

«ከምን?»

«እሱን ነው ያላወቅኩት። ብቻ ወንበሩ ላይ ቀስ ብለሽ ተቀመጪ።»

ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ ብላ ሥሩን አየች፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ሳቋ ፈነዳ። አማቱም አብረው ሳቁ፤ በቅድሚያ ግን የተቀመጡበትን ሶፋ እግር በእጃቸው ነቅነቅ አድርገው አረጋገጡ።