ያደረ መና

የሰንበሌጥ ማርያምን የቅኔ ወንበር የዘረጉት አለቃ ገብረ ሚካኤል ናቸው። ከእሳቸው መሪጌታ አለበል ተቀበሉ፤ ከመሪጌታ አለበል ደግሞ የኔታ ፈንታ። ሦስቱም በድህነት ኖረው፣ ሦስቱም ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ ከአንድ ጥድ ሥር ተቀበሩ። ያቆሙት ሥርዓት ብዙ አልነበረም። ተማሪ ሲመጣ ለምን መጣህ አይባልም፤ ሲሄድም አይያዝም። ቅኔ ለዕለቱ ይዘረፋል እንጂ ለከርሞ አይቀመጥም። አለቃ ገብረ ሚካኤል ይህን ሲያስተምሩ በምድረ በዳ የወረደውን መና ይጠቅሱ ነበር ይባላል፤ የዕለቱን የለቀመ ጠገበ፣ ለነገ ያሳደረው ግን ተላበት።

አራተኛው የኔታ ገዳሙ ናቸው። እሳቸው በዚያ ደብር ለመኖር አስበው አልመጡም። የዛሬ አርባ ሦስት ዓመት፣ ከአምበር ተነሥተው ወደ ሌላ መምህር ሲሻገሩ፣ ወንዙ ሞልቶ አላሳልፍ ቢላቸው ከየኔታ ፈንታ ደጅ አደሩ። በማግሥቱ ወንዙ ጎደለ። የኔታ ፈንታ ግን ታመው ነበርና፣ «ለዛሬ ብቻ የልጆቹን ቅኔ ስማልኝ» አሏቸው። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ አሏቸው። ያ «ለዛሬ ብቻ» ሳያልቅ የኔታ ፈንታ ዐረፉ፤ እንግዳው ወለተ ሚካኤልን አግብተው ጎጆ ወጡ፤ ልጅም ሳይወልዱ ሸመገሉ። ወለተ ሚካኤል ከጥዱ አጠገብ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ፣ በማለዳ ከደጅ የሚመጣው የተማሪዎቹ ጉርምርምታ ብቻ ነበር።

ያንን ድምፅ ሊወስድ የመጣው መሪጌታ አንዷለም ነው። አንዷለም ከየኔታ ደጅ ስምንት ዓመት የተማረ፣ በዘመኑ ከጓደኞቹ ሁሉ ዘረፋው የፈጠነ ሰው ነበር። ደብረ ማርቆስ ገብቶ የቅኔ ማሠልጠኛ ከከፈተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ባለፈው ግንቦት በባጃጅ መጣና፣ የኔታ ከሚያስተምሩበት ድንጋይ ፊት አንድ ሰፊ ወረቀት በሣሩ ላይ ዘረጋ። ነፋሱ ቢያስቸግረው በአራት ማዕዘኑ ጠጠር ጫነበት። ወረቀቱ ጉባኤውን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያዛውር የአምስት ዓመት ዕቅድ ነበር። ተማሪ በዐሥራ ስምንት ወር ቅኔ ይጨርሳል፤ የዓመቱ በዓላት ሁሉ በሰንጠረዥ ተደልድለዋል፤ ለየበዓሉ የሚሆነው ቅኔ አስቀድሞ ተደርሶ፣ ታርሞ፣ በደብተር ይቀመጣል። ከወረቀቱ ግርጌ «የኔታ ገዳሙ፣ ክፍል ቁጥር ሦስት» የሚል ተጽፏል።

የኔታ ጎንበስ ብለው አነበቡት። ቁጥር አንድና ሁለት ውስጥ ማን እንደሚኖር ጠየቁ። አንደኛው ዕቃ ቤት፣ ሁለተኛው ጽሕፈት ቤት መሆኑን አንዷለም ነገራቸው።

«መቼም ከዕቃው ብዙ አላራቅኸኝም» አሉ።

አንዷለም አልሣቀም። ወንበሩ ከእሳቸው በኋላ ምን እንዲሆን እንዳሰቡ ጠየቃቸው። እንዳላሰቡ ነገሩት። የሚያስፈራው ይኸው መሆኑን፣ በዚህ መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ በሚዘጋበት ዘመን ሳያቅዱ መኖር ራስን ለጎርፍ መስጠት መሆኑን በትሕትና፣ ግን በረጅሙ አስረዳቸው። የኔታ፣ የነገን መንገድ የማያውቅ ሰው የአምስት ዓመቱን ከወዴት እንዳገኘው ሊጠይቁት ፈልገው ነበር። ሆኖም እንግዳ ነውና ተዉት።

መስቀል እንደ ዋለ ሰባቱም ተማሪዎች ተከትለውት ሄዱ። በሥርዓቱ መሠረት ማንንም አልያዙም። ከድንጋዩ ሳይነሡ አንድ በአንድ መርቀው ሸኟቸው፤ የመጨረሻው ልጅ ከእርሻው ዳር ሲሰወር ግን ቆመው አዩ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ ረጅም ነው። ጎሕ ሲቀድ ጋቢያቸውን ደርበው ወጥተው ከድንጋዩ ይቀመጣሉ፤ የዕለቱን ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይናገሩታል። «ይበል» የሚል የለም። ጥቂት ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ይተዉታል። አይጽፉትም፤ በነጋታው አያስታውሱትም። የተማሪዎቹ ጎጆዎች ከፊታቸው ተደርድረው ቆመዋል፤ የአንደኛው ክዳን በነፋስ ተገልጦ ወራጁ ይታያል። እንዲህ ባሉ ማለዳዎች ስሕተቱ የራሳቸው እንዳይሆን ይጠራጠሩ ጀመር። አለቃ ገብረ ሚካኤል መቶ ተማሪ ከፊታቸው ተቀምጦ ስለ መና ቢናገሩ ምን ይደንቃል? በባዶ ደጅ ላይ ተቀምጦ ስለ ዕለት እንጀራ መናገር ግን ሌላ ነገር ነው።

በኅዳር መባቻ የሰበካ ጉባኤው ሰዎች መጥተው፣ ለኅዳር ጽዮን ክብረ በዓል ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ተሰብስቦ እንደሚመክር ነገሯቸው። ተማሪ የሌለው ጉባኤ ቤት ይዘጋል፤ ወንበሩ ወደ ከተማ ይዛወራል፤ እሳቸውም ወደተዘጋጀላቸው ክፍል ይሄዳሉ። በዕለቱ የበዓሉን ታላቅ ቅኔ፣ መወድሱን፣ የሚያበረክተው መሪጌታ አንዷለም ነው። ዋና ጸሐፊው፣ ሊናገሩ የሚፈልጉት ቢኖር ከወዲሁ እንዲያዘጋጁ አሳሰባቸው።

«ያን ቀን ያድርሰን» አሉ፤ ምንም አላዘጋጁም። ይልቁንም ከጥዱ ሥር ሄደው ከወለተ ሚካኤል መቃብር አጠገብ ቆሙ። ጥለዋት የሚሄዱ ከሆነ ልትሰማ የሚገባት ከእሳቸው አፍ መስሏቸው ነበር፤ ግን ምን እንደሚሏት ጠፋቸውና ተመለሱ።

በበዓሉ ዋዜማ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በዚያ ወቅት ሆኖ የማያውቅ ደመና ከጮቄ ተራራ በኩል መጣ። በረዶው የወረደው ለግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። ለአጨዳ ሳምንት የቀረው ስንዴ ከሥሩ ተቀጥቅጦ ተኛ፤ ጤፉ ከጭቃው ጋር አንድ ሆነ። በማግሥቱ ጧት በረዶው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ገና ክምር ነበር። ሕዝቡ ግን በዓሉን አላስቀረም፤ ነጭ ለብሶ መጣ።

አንዷለም ጎሕ ሳይቀድ ደርሶ ማኅሌት ቆሟል። ጊዜው ሲደርስ መወድሱን አበረከተ። ዜማው ያማረ፣ ቤቱ የተመጠነ ነበር፤ ካህናቱ ግን «ይበል» ሳይሉ መሬት መሬት አዩ። በዚያ ደብር ልማድ በዓመት በዓል የተቀኘ ሰው ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ቆሞ ቅኔውን ለሕዝብ በአማርኛ ይፈታል። አንዷለምም ቆመ። ድምፁ ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። ጽዮን ሆይ፣ እርሻችንን ባርከሽ ጎተራችን ሞልቶ ፈሰሰ፤ እሸታችንን ከክፉ ዓይን ሰወርሽ፤ ዛሬ ነዶ ተሸክመን በደጅሽ እንዘምራለን፤ ይል ነበር ቅኔው።

ከሴቶቹ መካከል ብቻዋን አርሳ የምታድር የብርጓል የተባለች ባልቴት ነበረች። ሳትቈጣ፣ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው ጠየቀችው።

«መሪጌታ፣ ይኸ የሞላው የማን ጎተራ ነው? ልጆቼን ልላክበት።»

ማንም አልሣቀም። አንዷለም ከቆመበት ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። የደብሩ አስተዳዳሪ ወደ የኔታ ተመለከቱ። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ካሉበት ሳይንቀሳቀሱ ጉባኤ ቃና የሚባለውን የሁለት ቤት አጭር ቅኔ ዘረፉ። ሲፈቱትም እንዲህ አሉ፦

«እናታችን ሆይ፣ ትናንት የምንሰጥሽን ይዘን ነበር፣ ዛሬ የምንጠይቅሽን እንኳ አናውቅም። ባዶ እጃችንን እንደ መባ ቁጠሪልን።»

ከካህናቱ አንዱ «ይበል» አለ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። የብርጓል ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከዚያ በኋላ ምክክር የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው ሁሉ ከተኛው ሰብል የሚነሣውን ሊያነሣ ወደየማሳው ተበተነ፤ ጸሐፊውም መዝገቡን በብብቱ ይዞ ከሰዎቹ ኋላ ወረደ። ጉባኤ ቤቱን የዘጋው የለም፤ የከፈተውም የለም።

የኔታ ወደ ድንጋያቸው ተመልሰው ተቀመጡ። የቀኑ ብርሃን ሊያዘቀዝቅ ሲል አንዷለም መጣ። እንዲቀመጥ በርጩማ ቢያመለክቱት እሱን ትቶ፣ በተማሪነቱ ይቀመጥበት ከነበረው ሣር ላይ ዐረፈ። ሣሩ ርጥብ ነበር። የኔታ ስለ ልጆቹ ጠየቁት። ሦስቱ ትምህርቱን ትተው የት እንደሄዱ አለመታወቁን፣ አራቱ ደብተራቸውን እያጠኑ መሆናቸውን ነገራቸው። ደስ አላላቸውም፤ የሄዱት ልጆች ጋቢ ይዘው እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። አንዷለም አያውቅም ነበር።

«ጧት ስትገባ በረዶውን አላየኸውም?» አሉት።

«ረግጬው ነው የገባሁት፣ የኔታ።»

«ታዲያ?»

አንዷለም ወደ ባዶዎቹ ጎጆዎች አየ።

«ሌላ አልነበረኝም። ያንን ቅኔ ደርሼ ያስቀመጥኩት በሐምሌ ነው፤ ማኅሌቱ እስኪያልቅ ቆሜ ሌላ ልዘርፍ ሞከርኩ፣ ሁለት ቤት እንኳ አልመጣልኝ አለ። ሦስት ዓመት ለነገ ሳስቀምጥ ኖሬ ለዛሬ ባዶዬን ቀረሁ። እርስዎን ጎርፍ የሚወስድዎት መስሎኝ ነበር። የተወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ልጆቹንም ይዤ። ተሳስቻለሁ፣ የኔታ።»